ሲራመዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጭነት እንዴት እንለካ?

"ፎርስ ፕሌት አለን። ታማሚው ረገጠበት፣ ቁጥሩ ወጣ። ጉልበቱ ላይ ያለው ጭነት ይኸው ነው አይደል?" ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይደርሰኛል። አንዱ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነው፤ ሌላዋ ለመመረቂያ ጥናቷ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም) ያለባቸውን ሰዎች ልትለካ የተነሳች ናት። መልሴ አይለወጥም፦ አይደለም። ፎርስ ፕሌት ሲረገጥ ኃይልን የሚለካ ሳህን ነው፤ የሚነግራችሁም ወለሉ እግርን መልሶ ስንት እንደገፋ ነው። ከዚያ እስከ ጉልበት ድረስ ገና መንገድ አለ። መንገዱን ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ እልካለሁ።

አንድ የቃል ጣጣ አስቀድመን እንፍታ። በአማርኛ "ጉልበት" መገጣጠሚያውም ነው፣ አቅምም ነው። እዚህ ጉልበት ስል መገጣጠሚያውን ብቻ ነው። የሚገፋውን "ኃይል" እለዋለሁ።

የምንለካው ምንድን ነው?

ጉልበት ውስጥ ያለውን ኃይል በቀጥታ ማንበብ የሚቻለው ሴንሰር ያለው ሰው ሠራሽ ጉልበት የተገጠመለት ሰው ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነሱ የተገኘው ልኬት እንደሚያሳየው፣ ሰው በተለመደው ፍጥነቱ ሲራመድ ጉልበቱ ላይ የክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያርፋል። ወለሉ መልሶ የሚገፋው ግን ከራሱ ክብደት ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ከየት መጣ? ከጡንቻ ነው። ጡንቻዎች ጉልበቱ እንዳይከዳ ሲወጥሩት መገጣጠሚያውን ይጨምቁታል። ፎርስ ፕሌቱ ይህን አያየውም።

ስለዚህ የምንለካው ሞመንት ነው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ግፉት፤ ይከብዳል። ከእጀታው በኩል ግፉት፤ ይዞራል። ኃይሉ ያው ነው፣ የተለየው ርቀቱ ነው። ሞመንት ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው።

ሰው እየተራመደ በአንድ እግሩ ሲቆም፣ ከወለሉ የሚመጣው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ከጉልበቱ ማዕከል በስተውስጥ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ወደ ውጭ ለማጉበጥ ይሞክራል፤ የውስጠኛውን ጎን ይጨምቃል። ይህ አዳክሽን ሞመንት ይባላል። ኦስቲዮአርትራይተስ ከውጭኛው ይልቅ የውስጠኛውን ጎን ስለሚያጠቃ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የምትሰሙት ቁጥር ይኸው ነው።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ የቀረው ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ከወለሉ 800 ኒውተን ይመጣበታል እንበል። ኃይሉ ከጉልበቱ ማዕከል በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ያልፋል። 800 ሲባዛ በ0.05፣ 40 ኒውተን ሜትር ሆነ። አሁን የጉልበቱን ማዕከል በ1 ሴንቲሜትር ስታችሁት እንበል። ርቀቱ 4 ወይም 6 ይሆናል። ሞመንቱም 32 ወይም 48። በአንዲት ሴንቲሜትር 20 በመቶ ሄደ! ብዙ ሕክምናዎች ያመጣሉ ተብሎ የሚጠበቀው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ይህችን ሴንቲሜትር ለማባረር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሞሽን ካፕቸር (እንቅስቃሴ መቅረጫ) ካሜራዎች፣ ቢያንስ በሰከንድ 100 ምስል የሚያነሱ። ቁጥራቸው በክፍሉ ይወሰናል፤ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ማርከር (ሰውነት ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ምልክት) ሁልጊዜ ቢያንስ በሁለት ካሜራ መታየቱ ነው።
- ወለል ውስጥ የተቀበረ ፎርስ ፕሌት፣ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚያነብ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል።
- ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ደልዳላ መራመጃ።
- አንጸባራቂ ማርከሮች፣ ከቆዳ ጋር የሚስማማ ባለሁለት ፊት ማጣበቂያ፣ የቆዳ መጻፊያ እስክሪብቶ።
- ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ስፋት የሚለካ ካሊፐር።
- ፍጥነት መለኪያ። ሰው ሲያልፍ ሰዓት የሚያስነሳና የሚያቆም ሁለት ሴንሰር ይበቃል።
- ቁምጣ፣ የማያንሸራትት ወንበር፣ ውኃ።
- የሞመንት ስሌት የሚሠራ ሶፍትዌር።
- ረዳት። ብቻችሁን አትሞክሩት። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያይ ሌላው ሰውየውን ማየት አለበት።

ደረጃ 1፦ ሰው ሳይመጣ ወስኑ

አራት ነገር በወረቀት ጻፉ። የትኛው እግር? ሁለቱም ጉልበት የሚያም ከሆነ የባሰበትን ትወስዳላችሁ ወይስ ሁለቱንም? በጫማ ነው በባዶ እግር? ፍጥነቱ የራሱ ነው ወይስ እናንተ የምትወስኑት? ዋናው ቁጥራችሁስ የትኛው ነው?

ይህ ለምን አስፈለገ? እነዚህ ሁሉ ሞመንቱን ይለውጡታል። ብዙ ጫማዎች ከባዶ እግር ጋር ሲነጻጸሩ አዳክሽን ሞመንቱን ከፍ ያደርጋሉ። ፍጥነት ሲጨምርም በአብዛኛው ይጨምራል። ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ መወሰን ማለት የሚያምረውን መምረጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ጥናት አይባልም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን አዘጋጁ

ካሜራዎቹን በየቀኑ ካሊብሬት አድርጉ፤ ማለትም ልኬታቸውን አስተካክሉ። ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም፤ የጽዳት ሠራተኛ አንዱን ትሪፖድ ነካ ካደረገው በቃ። ከዚያ ፎርስ ፕሌቱን ምንም ሳይነካው ዜሮ አድርጉ።

ቀጥሎ ሁለት ፍተሻ አለ። አንደኛው ቀላል ነው። ክብደቱን የምታውቁትን ነገር አስቀምጡበት። 20 ኪሎ ከሆነ 196 ኒውተን ማንበብ አለበት።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ማርከር የተለጠፈበት ዘንግ ያዙና ፕሌቱን በተለያየ ቦታ ጫኑት። ካሜራዎቹ "የዘንጉ ጫፍ እዚህ ነው" ይላሉ። ፕሌቱም "የተጫንኩት እዚህ ነው" ይላል። ሁለቱ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ያቺ 1 ሴንቲሜትር ሰውየው ገና በር ሳይገባ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማርከር የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብትለጥፉ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 3፦ ሰውየውን ተቀበሉ

ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ምን እንደምትሠሩ በተራ ቋንቋ አስረዱ። ቁምጣ ማድረግና ሆድ አካባቢ ማርከር መለጠፍ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ድንገት "ልብስዎን ያውልቁ" መባል ማንንም አያስደስትም። የሚለጥፈው ሰው ማን ቢሆን እንደሚመርጡም ጠይቁ።

ከዚያ ክብደት፣ ቁመት፣ የጉልበት ስፋት። የሕመም መጠን ከ0 እስከ 10። ዛሬ ማስታገሻ ወስደዋል? መቼ? ይህን መጠየቅ ለፎርማሊቲ አይደለም። ሕመሙ ሲቀንስ ሰው ደፍሮ ይረግጣል፣ ፈጠን ይላል፣ ሞመንቱም ሊጨምር ይችላል። ከሕክምና በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ሁለት ቀን ስትለኩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሳይወስዱ፣ በሁለተኛው ወስደው ከመጡ የለካችሁት መድኃኒቱን ነው። መድኃኒት እንዲያቆሙ ግን እናንተ አትንገሩ፤ ያ የሐኪማቸው ጉዳይ ነው። እናንተ መዝግቡ፣ ሁለቱንም ቀን ተመሳሳይ ሰዓት ቅጠሩ።

ደረጃ 4፦ ማርከሮቹን ለጥፉ

ጊዜያችሁን የምትጨርሱት እዚህ ላይ ይሁን። እኔ 30 ደቂቃ እመድባለሁ።

ቦታዎቹ፦ የዳሌ አጥንት የፊት ጫፎች ግራና ቀኝ፣ የዳሌ የኋላ ጫፎች (ወገብ ሥር ትንንሽ ስርጉዶች ያሉበት ቦታ)፣ የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ የውጭና የውስጥ ጉብታ፣ ቁርጭምጭሚት ውጭና ውስጥ፣ ተረከዝ፣ የእግር ጣቶች ሥር። ጭንና ቅልጥም ላይ ደግሞ በጠንካራ ሳህን ላይ የተደረደሩ አራት አራት ማርከሮች ይታሰራሉ። የእናንተ ሶፍትዌር የሚጠብቀው አቀማመጥ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ የእሱን ተከተሉ።

የጉልበቱን ግን ቀረብ ብለን እንየው። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ጉልበቱ ይታጠፍ። አውራ ጣታችሁን የጉልበት ሎሚው ጎን ላይ አድርጉ። ወደ ታች ስትወርዱ ለስለስ ያለ ስርጉድ ታገኛላችሁ፤ መገጣጠሚያው መስመር ያ ነው። ከመስመሩ ከፍ ብላችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ጠንካራ የአጥንት ጉብታ አለ። የምንፈልገው እሱን ነው። እርግጠኛ ለመሆን ጣታችሁን ሳታነሱ እግሩን ቀስ ብሎ እንዲዘረጋና እንዲያጥፍ ጠይቁ። ከጣታችሁ በታች ያለው አጥንት ይንቀሳቀሳል፣ ጣታችሁ ያለበት ግን አይንቀሳቀስም። ከተንቀሳቀሰ ቅልጥም ላይ ናችሁ፤ ወደ ላይ ውጡ።

ቦታውን አግኝታችኋል፣ ግን አሁን አትለጥፉ። ሰውየው ሲቆም ቆዳው ይንሸራተታል። አስነሱትና ያንኑ ጉብታ ደግማችሁ ፈልጉ፤ ማርከሩ የሚለጠፈው ቆሞ ነው። በተቀመጠበት በእስክሪብቶ ምልክት ብታደርጉ፣ ሲቆም ምልክቱ ከአጥንቱ ላይ ተንሸራቶ ታገኙታላችሁ። አንዴ አይታችሁት ከሆነ አትረሱትም።

ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት ጉልበት ጣትን ያታልላል። መገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ትርፍ አጥንት ያድጋል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ያንን ጉብታ ትክክለኛው አድርጎ መያዝ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። መለያው ከላይ ያልኩት የማጠፍና የመዘርጋት ፍተሻ ነው።

ስብ ሌላው ፈተና ነው። የጉልበቱ ማዕከል የሚሰላው የውጭና የውስጥ ማርከሮቹን መካከል በመውሰድ ነው። የውስጠኛው ማርከር 2 ሴንቲሜትር ስብ ላይ ከተቀመጠ ማዕከሉ 1 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይሳባል። የስሌታችን 40 ኒውተን ሜትር 32 ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው፦ ካሊፐሩን ጫን አድርጋችሁ አጥንት ለአጥንት ስፋቱን ለኩ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ላይ በሁለቱ ማርከሮች መካከል ያለውን ርቀት እዩ። የማርከሩን ውፍረት ቀንሳችሁ እንኳ በጣም ከተለያዩ፣ ያንን ልዩነት በስሌቱ ውስጥ አርሙት።

ሆዳቸው ተለቅ ያሉ ሰዎች ላይ የዳሌው የፊት ማርከር ይሸፈናል ወይም ከአጥንቱ ይርቃል። ከዳሌው ጎን ተጨማሪ ማርከሮች ለጥፉ፣ የፊተኛውን ጫፍ ደግሞ በጠቋሚ ዘንግ አስመዝግቡ። ሆድን ገፍቶ መለጠፍ አይሠራም፤ ሲራመዱ ይመለሳል።

ደረጃ 5፦ የቁም ቀረጻ

ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እግሮቹ በዳሌው ስፋት ይራራቁ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ይጣመሩ። 3 ሰከንድ ቅረጹ። ሶፍትዌሩ አጥንቶቹ የት እንዳሉ የሚማረው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ስህተት እያንዳንዱ ዙር ውስጥ ይገባል።

ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት የማይችል ሰው ካጋጠማችሁ አታስገድዱት። እንደተመቸው ይቁም። በማስታወሻ ጻፉት፣ ስትመረምሩም የዜሮ ነጥብ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ደረጃ 6፦ ያራምዱ

ፎርስ ፕሌቱ የት እንዳለ አትንገሩ። ይህን በደማቅ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው "እዚያ ርገጥ" ከተባለ እርምጃውን ያሳጥራል ወይም ይዘረጋል፣ አንገቱን ይደፋል። ያኔ የሚለካው አረማመዱ ሳይሆን ዒላማ መምታቱ ነው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ "ፊት ለፊት ያለውን ምልክት እያዩ፣ እንደ ሁልጊዜው ይራመዱ። እስኪያልቅ አይቁሙ።"

መጀመሪያ አራት አምስት ጊዜ ያለ ቀረጻ ይመላለሱ። ይላመዳሉ፤ እናንተም እግራቸው የት እንደሚያርፍ ታያላችሁ። ፕሌቱን ከሳቱት መነሻቸውን 10 ወይም 20 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራቱ። እነሱን አታስተካክሉ፣ መነሻውን አስተካክሉ።

ፍጥነቱን ከልምምዱ አውጡ። ሁለቱ ሴንሰሮች በ4 ሜትር ርቀት ቢቆሙና ሰውየው በ3.6 ሰከንድ ቢያልፍ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.11 ሜትር ነው። ከዚህ በኋላ ከ1.05 እስከ 1.17 ድረስ ያለውን ተቀበሉ፤ ማለትም 5 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች። በሌላ ቀን ሲመለሱም ከዚህ ክልል ውስጥ ይሁን።

አንድ ዙር "ጥሩ ነው" የሚባለው፦ ሙሉው እግር በአንድ ፕሌት ውስጥ ሲያርፍ፣ ሌላኛው እግር ያንን ፕሌት ሳይነካ ሲቀር፣ ፍጥነቱ ክልሉ ውስጥ ሲሆን፣ ሰውየውም ወደ ታች ሳያይ ካለፈ። ቢያንስ 5 ጥሩ ዙር ሰብስቡ። በየመሃሉ ያሳርፉ።

ምርኩዝ ለሚይዙ፦ ያለ ምርኩዝ መራመድ ካልቻሉ ይያዙ፣ ግን ምርኩዙ ፕሌቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከነካ ፕሌቱ የእግሩንና የምርኩዙን ኃይል ደምሮ ይሰጣችኋል፤ መለየት አይቻልም። ምርኩዝ በተቃራኒው እጅ ሲያዝ የታመመውን ጉልበት ሞመንት ስለሚቀንስ፣ በሁለቱም ቀን መያዝና አለመያዙ አንድ መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ። ረዳቱ ከጎን፣ ከካሜራ እይታ ትንሽ ወጣ ብሎ አብሮ ይሂድ። ገመድ ወለል ላይ አይኑር። በየጥቂት ዙሩ ሕመሙን ጠይቁ። የእኔ ሕግ ከመነሻው በ2 ነጥብ ከጨመረ ማቆም ነው። "ግድየለም፣ እችላለሁ" የሚሉ አሉ፤ ደግነት ነው፣ ግን አትቀበሉ። በሕመም የሚያነክስ ሰው ዳታም አይጠቅማችሁም። ጉልበቱ የሚከዳው ወይም የሚያዞረው ሰው ካለ ደግሞ በዚያ ቀን አይለካ።

ደረጃ 7፦ ሳይሄዱ ፈትሹ

ሰውየው ወንበር ላይ ውኃ እየጠጣ ሳለ፣ ማርከሮቹ ሳይነሱ፣ አንድ ዙር አስሉ። ይህን ደረጃ የጨመርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ የሁለት ሳምንት ቀረጻ ከጨረስኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ስከፍተው፣ የጉልበቱ ኩርባዎች ግማሾቹ የማይመስሉ ሆኑ። ስህተቱ የእኔው ነበር፤ የውጭኛውን ማርከር ወደ ፊት አስጠግቼ ስለጥፍ ከርሜያለሁ። ሰዎቹ ሁሉ ሄደዋል።

ምን ትፈትሻላችሁ? ጉልበቱ ወደ ጎን የሚያሳየውን ዘንበል ማለት እዩ። እግሩ አየር ላይ ሲሆን ጉልበት እስከ 60 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ወደ ጎን ግን ብዙ አይንቀሳቀስም። ግራፉ በዚያ ሰዓት 10 ዲግሪ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ጉልበቱ አልታመመም፤ በሁለቱ የጉልበት ማርከሮች መካከል የሚሰመረው የመታጠፊያ ዘንግ ተጣሟል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ጉልበቱ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና አንዱ ማርከር 2 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢስት፣ ዘንጉ 11 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ያኔ የማጠፉ እንቅስቃሴ ከፊሉ ወደ ጎን እንደሆነ ሆኖ ይታያል። አውልቁት፣ ደግማችሁ ለጥፉ፣ የቁም ቀረጻውን ድገሙ። አሥር ደቂቃ ነው።

ደረጃ 8፦ አስሉ

እዚህ ሶፍትዌሩ ብዙውን ይሠራል፤ የእናንተ ድርሻ ትክክለኛውን ምርጫ መስጠት ነው።

ፊልተር (ፈጣን ንዝረትን ከዳታው የሚያጠራ ማጣሪያ)፦ ማርከሮቹን ባለ 4ኛ ደረጃ ባተርወርዝ ሎው ፓስ፣ በ6 ኸርዝ ቁረጡ። ለሞመንት ስሌት የፎርስ ፕሌቱንም በዚያው ቁጥር ቁረጡ። የተለያየ ከሆነ ተረከዝ መሬት በሚመታበት ቅጽበት የሌለ ጉብታ ይፈጠራል።

የእግር መንካትና መነሳት፦ ቀጥታ ወደ ላይ ያለው ኃይል 20 ኒውተን ሲያልፍ ነካ፣ ከ20 ሲወርድ ተነሳ።

ማጣቀሻ ዘንግ (አቅጣጫ የሚለካበት መስመር)፦ ሞመንቱ በቅልጥሙ ዘንግ፣ በጭኑ ዘንግ ወይስ በክፍሉ ዘንግ ይገለጽ? ቁጥሩ ይለያያል። የትኛውም ይሁን አንዱን ያዙ፣ ጻፉትም። የሌላ ሰው ውጤት ጋር ስታነጻጽሩ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው።

ግራፉ ተገልብጦ ከመጣ አትደንግጡ። አንዳንድ ሶፍትዌር ከውጭ የሚመጣውን ሞመንት ያሳያል፣ አንዳንዱ ሰውነት ከውስጥ የሚመልሰውን። መጠናቸው እኩል፣ ምልክታቸው ተቃራኒ ነው።

ደረጃ 9፦ ቁጥሮቹን አውጡ

የአዳክሽን ሞመንት ኩርባ ብዙ ጊዜ እንደ ግመል ሁለት ሻኛ አለው። የመጀመሪያው እግር መሬት ላይ ባለበት ጊዜ ሩብ ገደማ ላይ፣ ሁለተኛው ሦስት አራተኛው ገደማ። ቀስ ብለው በሚራመዱ ታማሚዎች ግን መሃሉ ይሞላና ሁለተኛው ሻኛ ይጠፋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን "ሁለት ጫፍ ፈልግ" አትበሉት። የመጀመሪያው ግማሽ ከፍተኛ ቁጥር፣ የሁለተኛው ግማሽ ከፍተኛ ቁጥር ብላችሁ ውሰዱ።

ከጫፉ ጋር ኢምፐልሱን አውጡ፤ ይህ ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት ነው። ለምን? ሰው ቀስ ሲል ጫፉ ይወርዳል፣ ግን እግሩ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ጫፉን ብቻ ያየ "ጭነቱ ቀነሰ" ይላል፤ ኢምፐልሱ ግን ያው ሊሆን ወይም ሊጨምር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የማጠፍ ሞመንቱን አትተዉ። ጉልበቱን ከፊት ወደ ኋላ ለማጠፍ የሚሞክረው ነው፤ ሲጨምር የፊት ጭን ጡንቻ በበለጠ ይወጥራል፣ መገጣጠሚያውንም ይጨምቃል። አንድ ሰው አረማመዱን ቀይሮ አዳክሽን ሞመንቱ ቢቀንስም የማጠፍ ሞመንቱ ከጨመረ ጉልበቱ ላይ ያለው ኃይል ላይቀንስ ይችላል። ሴንሰር ያለው ጉልበት በተገጠመላቸው ሰዎች ላይ ይህ ታይቷል።

ከዚያ ለሰውነት መጠን አካፍሉ። 40 ኒውተን ሜትር፣ 80 ኪሎ፣ 1.65 ሜትር ቁመት። በኪሎ ብቻ ከሆነ 0.5 ኒውተን ሜትር በኪሎ። በክብደትና ቁመት ከሆነ 80 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ1.65፣ 1295 ይመጣል፤ 40 ሲካፈል ለዚህ 3.1 በመቶ ነው። ሁለቱን መንገዶች አታደባልቁ። የአንዱ ሰው ክብደት በሁለቱ ቀናት መካከል ከቀነሰ ደግሞ ያልተካፈለውንም ቁጥር አብራችሁ አቅርቡ። ጉልበቱ የሚሸከመው እውነተኛውን ኒውተን ነው፤ ስታካፍሉት የክብደት መቀነሱ ጥቅም ይደበቃል።

ደረጃ 10፦ ለውጡ እውነት ነው?

ሕክምና ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን እጅ ለኩ። ጥቂት ሰዎችን፣ ምንም ሳታደርጉላቸው፣ በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ቅረጹ። ማርከሩን የሚለጥፈው ያው ሰው ይሁን። የሁለቱን ቀን ልዩነት ለእያንዳንዱ ሰው አውጡ፣ የልዩነቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ) አስሉ፣ በ1.96 አባዙ። ለምሳሌ በክብደትና ቁመት በተካፈለው በመቶኛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.25 ከሆነ 0.49 ይመጣል። ትርጉሙ፦ የአንድ ሰው ቁጥር ከ3.1 ወደ 2.8 ቢወርድ ሕክምናው ይሁን እጃችሁ አይታወቅም። ወደ 2.5 ከወረደ ግን ማውራት ይቻላል።

ማርከር ለጣፊው መሃል ላይ ከተቀየረ ይህን ሥራ እንደገና ጀምሩ። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ።

ሌሎች በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

ሰውነትን ማዘንበል አለመመዝገብ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሲረግጥ ደረቱን ወደ ታመመው ጎን ያዘነብላል። ኃይሉ ወደ ጉልበቱ ይጠጋል፣ ርቀቱ ያጥራል፣ ሞመንቱ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲያዩት ጉልበቱ "የተሻለ" ይመስላል። ደረት ላይ ማርከር ለጥፉ፣ ቢያንስ ከፊት በቪዲዮ ቅረጹ።

የእግር ጣት አቅጣጫም እንዲሁ ነው። ጣትን ወደ ውጭ አዙሮ መራመድ በተለይ ሁለተኛውን ጫፍ ይቀንሳል።

"የሞመንቱ ቁጥር የጉልበቱ ኃይል ነው" ብሎ መጻፍ። አይደለም፤ አመልካች ነው። እነዚህ ታማሚዎች ጉልበታቸውን ለማጽናት የፊትና የኋላ ጡንቻዎችን አንድ ላይ የመወጠር ልማድ አላቸው፤ ሞመንቱ ይህን አያይም። ወደ ኃይሉ ለመጠጋት የጡንቻ ኤሌክትሪክ መለኪያ ጨምራችሁ፣ ኦፕንሲም በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሞዴል መሥራት ይቻላል። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከላይ ያለው ሳይጠራ ግን አትጀምሩት።

በአንድ ቀን ልኬት ለታማሚው ፍርድ መስጠት። "ጉልበትዎ ከሚገባው በላይ ተጭኗል" ተብለው ቤታቸው ገብተው መራመድ ያቆሙ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ውጤቱን ለሚያክማቸው ባለሙያ ስጡ።

ላብራቶሪ ለሌላችሁ

ጫማ ውስጥ የሚገባ የግፊት ሶል ከእግር በታች ያለውን ኃይል ይለካል። ርቀቱን አያውቅም፤ ስለዚህ ብቻውን ሞመንት አይሰጥም። ግራና ቀኝ እግር እኩል ይረግጣሉ ወይ፣ በቀን ስንት እርምጃ ይሄዳሉ ለሚለው ግን ጥሩ ነው። ኦፕንካፕ የተባለው ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ አይፎኖች ባነሱት ቪዲዮ እንቅስቃሴውን ያሰላል፣ ኃይሉንም በሞዴል ይገምታል። ለቡድን ንጽጽር ሊረዳችሁ ይችላል። ለአንድ ሰው ትንሽ ለውጥ ግን ደረጃ 10ን በራሳችሁ መሣሪያ ሳትሠሩ አትመኑት።

ይህም ካልተገኘ ሁለት መስመር ወለል ላይ በ4 ሜትር ርቀት ለጥፉ፣ የስልክ ሰዓት ያዙ፣ ከፊት በቪዲዮ ቅረጹ። ፍጥነት፣ የደረት ማዘንበል፣ የእግር ጣት አቅጣጫና ሕመም በደንብ ይመዘገባል። ስልኩን ግን በእጃችሁ አትያዙት፤ በጉልበት ከፍታ ቆሞ ይቀመጥ፣ ቦታውንም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ላይ ታቆሙታላችሁ።